ጥንዚዛዋ ለምን አልሮጠችም?

ነሐሴ ላይ ነው። ጅማ በክረምት ዝናቡ ሰዓት አያውቅም፤ ጠዋት ይጀምራል፣ ቀትር ላይ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፣ ማታ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ እንደ አዲስ ይወርድበታል። የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ አመሸና መጣ። ክፍሉ ታፍኖ ስለነበር መስኮቱን ከፈትኩ፣ አምፖሉ ሥር ላፕቶፔን ዘርግቼ ቁጭ አልኩ። የሚገባው የነፍሳት ብዛት ለጉድ ነው። ክንፍ ያወጣ ምስጥ፣ የእሳት እራት፣ ስማቸውን የማላውቃቸው ትንንሽ ጥንዚዛዎች።

አንገቴ ላይ የሆነ ነገር ሲሄድ ተሰማኝ። ዞሬም አላየሁት። በመዳፌ ጠፍ አድርጌ፣ አሸት አሸት አድርጌ፣ ሥራዬን ቀጠልኩ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ ምንም የለም። ማታ ላይ ማሳከክ ጀመረኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ስቆም ከጆሮዬ ሥር እስከ ትከሻዬ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀይ መስመር ወጥቷል፣ መስመሩ ላይ ደግሞ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ እብጠቶች ተደርድረዋል። ማቃጠሉ አይነገርም። የፈላ ዘይት የተረጨብኝ ነው የመሰለኝ።

አከራዬ እማማ ገና ሲያዩኝ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ ይሄማ አልማዝ ባለጭራ ነው። ዞሮ ከገጠመ አለቀልሽ!» እንዲህ ብሎ የሚያጽናና ሰው ይስጣችሁ።

ክሊኒክ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ወረፋዬ ደርሶ ስገባ ባለሙያው አንገቴን አስር ሴኮንድ ያህል አየና እሱም አልማዝ ባለጭራ ብሎ ጻፈ። «ከትናንት ወዲያ ማታ የሆነ ነገር ጨፍልቄ ነበር» ልል ስል ቀጣዩ ታካሚ በሩን ከፍቶ ቆሟል። የሳምንት ኪኒን ይዤ ወጣሁ። ዋጋውን አትጠይቁኝ።

በነገራችን ላይ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ ነፍሳት ሄዶብን የሚመጣ አይደለም። ልጅ እያለን ጉድፍ ያወጣብን ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ፣ ከዓመታት በኋላ ሰውነት ሲደክም ይነሳና በአንድ በኩል ብቻ መስመር ሠርቶ ያቆስላል። መስመር መሥራቱና ውሃ መቋጠሩ ነው ከእኔ ቁስል ጋር የሚያመሳስለው። እና ባለሙያው ተሳሳተ ብዬ ብዙም አልፈርድበትም፤ ግን ሁለት ደቂቃ ቢሰማኝ ምን ነበረበት?

ነገሩን የፈታልኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ግብርና ተምሮ ቡና ላይ ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ሊጠይቀኝ መጣና አንገቴን አየ፣ ከዚያ እኔን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ። መስኮቱ ጠርዝ ላይ የሞቱትን ነፍሳት በወረቀት ሲገላብጥ ቆየና «ነይ፣ ጠላትሽን ተዋወቂ» አለኝ።

ከሩዝ ፍሬ ትንሽ ረዘም ትላለች። ቶሎ ሲያዩዋት ጉንዳን ነው የምትመስለው። ጭንቅላቷ ጥቁር፣ ደረቷ ብርቱካናማ፣ ሆዷም ብርቱካናማ ሆኖ ጫፉ ጥቁር። መሐል ላይ ግን አጭር ኮት የመሰለ የክንፍ ክዳን አለቻት፤ እሷ ሰማያዊ ናት፣ ሰማያዊ ስላችሁ የተወለወለ ብረት ዓይነት ሰማያዊ። ሞታ፣ ደርቃ፣ አቧራ ውስጥ ተኝታ እንኳ ወረቀቱን ዘንበል ባደረገው ቁጥር ብልጭ ትላለች።

ፔዴረስ ትባላለች። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ብዙ ሰው የናይሮቢ ዝንብ ነው የሚላት፤ ዝንብ ሳትሆን ጥንዚዛ ናት፣ ናይሮቢ ብቻ ያለችም አይደለችም። ስሟን ያገነነላት ግን ኬንያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 እና 98 የኤልኒኞ ዝናብ በጣለ ጊዜ በዝታ ስንቱን ሰው አቁስላለች። አትናከስም፣ አትናደፍም። ዝም ካሏት ሄዳ ትወርዳለች። ስትጨፈለቅ ነው ጉዱ። ደሟ ውስጥ ፔደሪን የሚባል መርዝ አለ፣ መርዙን የምትሠራው ደግሞ ራሷ አይደለችም፣ ሰውነቷ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እናትየው ለእንቁላሎቿ ታወርሳለች። ከእንቁላል የወጡትን እጮች ሸረሪት ቢይዝ እንኳ ቀምሶ ይተዋቸዋል። እኔ ከሸረሪት አንሼ በመዳፌ አሸሁት።

«አየሽ፣ እሷኮ ነግራሽ ነበር» አለ የአክስቴ ልጅ። «አምፖል ሥር እንደዚህ እያበራች፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ለብሳ፣ ቀስ ብላ ስትሄድ፣ ከዚህ በላይ ምን ትበል?»

ይቺ ነገር አልወጣልኝም። ነፍሳት ሲባል የምናውቀው መደበቅን ነው። ፌንጣ ሣር ይመስላል፣ የእሳት እራት ግንድ ላይ ሲያርፍ ቅርፊት ይመስላል። ሁሉም እንዳይታይ የሚለፋበት ሠፈር ውስጥ አንዷ ተነስታ ጀርባዋን እንደ መስታወት ወልውላ የምትዞረው ምን ተማምና ነው?

ጥያቄው የቆየ ነው። ዳርዊን ራሱ ተጨንቆበታል። ወፎች ለምን ያጌጣሉ ቢሉት ለትዳር ብሎ መልሷል፤ አባጨጓሬ ግን ገና ልጅ ነው፣ ትዳር አያውቅም፣ ታዲያ አንዳንዱ ለምንድነው እንዲህ ደምቆ የሚታየው? እ.ኤ.አ. በ1867 ጥያቄውን እንደ እሱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ለነበረው ለዋላስ ጻፈለት። የዋላስ መልስ ቀላል ነበር፦ የማይጣፍጥ አባጨጓሬ የማይጣፍጥ መሆኑ ብቻውን አይጠቅመውም። ወፏ ነክሳ ቀምሳ ከተፋችው በኋላ እሱ ሞቷል። ከመነከሱ በፊት መታወቅ አለበት። ስለዚህ ከሩቅ የሚታይ፣ ከሌላው ጋር የማያምታታ ልብስ ያስፈልገዋል። ጄነር ዊር የሚባል ሰው ቤቱ ለሚያረባቸው ወፎች አባጨጓሬ እየሰጠ ሞከረው፤ ደብዛዛዎቹን በሉ፣ ደማቆቹን ተዉ። እ.ኤ.አ. በ1890 ደግሞ ፖልተን የሚባል የእንግሊዝ ሳይንቲስት ለነገሩ ሳይንሳዊ ስም አወጣለት።

ይሄ ስለ ቀለም ነው። እኔን የያዘኝ ግን ማብረቅረቁ ነው። ቀይ መሆን አንድ ነገር ነው፣ የሚያበራ ቀይ መሆን ሌላ።

ልዩነቱን ያስተማረኝ ሊስትሮ ነው ብል አትሳቁ። መናኸሪያው አካባቢ ጫማዬን ሳስጠርግ ቁጭ ብዬ አየሁ። ጭቃው ከታጠበ በኋላ ጫማዬ ጥቁር ነው፣ ግን አያበራም። ልጁ ቀለሙን ቀባ፣ አሁንም አያበራም። ብሩሹን አነሳ፣ ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ ጫፍና ጫፍ እያፈራረቀ ሲስበው የፊቱ ጥላ ጫማዬ ላይ መታየት ጀመረ። ምን ጨመረ? ቀለም አልጨመረም። ቆዳው ላይ ያሉትን ዓይን የማያያቸው ጎርበጥባጣ ቦታዎች በሰም ሞልቶ ለጥ አደረጋቸው። ሻካራ ነገር ላይ ያረፈ ብርሃን በየአቅጣጫው ይበተናል። ለጥ ያለ ነገር ላይ ያረፈ ግን እንደ ኳስ ተወርውሮ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚመለሰው፤ አንተ እዚያ አቅጣጫ ላይ ከቆምክ ብልጭ ይልብሃል፣ ፈቀቅ ካልክ ይጠፋል። ግድግዳ በዘይት ቀለም እና በውሃ ቀለም የቀባ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

የጥንዚዛ ጀርባም እንደዚያ ነው። ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሠራ ነው፣ ላዩ ላይ ስስ ሰም አለው። ላዩ ለጥ ካለ ያበራል፣ ፀጉር ወይም ጉድጓድ ጉድጓድ ካለበት ይደበዝዛል።

የእኔይቱ ሰማያዊ ግን ከሊስትሮም ይረቃል። ሰማያዊ ቀለም የለባትም። ክዳኗን ፈጭተው ዱቄት ቢያደርጉት ሰማያዊ ዱቄት አያገኙም። ሰማያዊውን የሚሠሩት እንደ እንጀራ የተደራረቡ በጣም ስስ ንብርብሮች ናቸው፤ የአንዱ ውፍረት የሚሊሜትር አሥር ሺህኛ ግድም ነው። ብርሃኑ ከእያንዳንዱ ንብርብር ትንሽ ትንሽ ይመለሳል፣ የተመለሰው ሲገናኝ አንዳንዱ ቀለም ይጠፋፋል፣ አንዳንዱ ይደጋገፋል። የሳሙና አረፋ ላይ፣ ዝናብ ሲመጣ አስፋልት ላይ በፈሰሰ የባጃጅ ዘይት ላይ የምናየው ቀለም የዚሁ ዘመድ ነው። ቀለም ስላልሆነም አይለቅም። ቀይዋን ነጠብጣብ ያላትን ክብ ጥንዚዛ በመርፌ ወግተው ቢያስቀምጧት ቀይነቷ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፤ ጀርመን አገር ሜሰል የሚባል ጉድጓድ ውስጥ ግን ወደ 47 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የተቀበሩ ጥንዚዛዎች ተገኝተው አሁንም አረንጓዴና ሰማያዊ ያበራሉ። እኔ ያንን ሳነብ ሻይ ትን አለኝ።

እና ማብረቅረቅ ማስጠንቀቂያ ነው ማለት ነው? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ዘግቼው ነበር። ከዚያ ሉካንዳ ሄድኩ።

የሉካንዳ ዝንብ አይታችኋል፤ አረንጓዴዋ፣ ነሐስ የምትመስለው። ከእሷ በላይ የሚያበራ ነገር ጅማ ውስጥ ካለ አላውቅም። መርዝ ግን የላትም፣ ወፍ ቢያገኛት አንድ ጉርሻ ናት። ሉሲሊያ በሚባለው ዓይነት ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ወንዱ ሴቷን የሚለይባት በክንፏ ብልጭታ ነው፤ የወጣቷ ሴት ክንፍ ሲርገበገብ በሴኮንድ 178 ጊዜ ያህል ፀሐይ ላይ ብልጭ ይላል፣ እሱ ያንን አይቶ ይመጣል። ደመና ሲሆን ፍቅሩም ይቀዘቅዛል። የጅማ ዝንብ በክረምት እንዴት እንደምትዳር እግዜር ይወቅ።

አለፍ ስል ደግሞ ጭራሽ ተቃራኒው መጣ። እንግሊዝ አገር ብሪስቶል አጠገብ ያለ ጫካ ውስጥ፣ ተመራማሪዎች ሕብረ ቀለም የሚያንጸባርቅ የእስያ ጥንዚዛ የክንፍ ክዳን ወስደው ሥሩ ትል አድርገው ቅጠል ላይ አስቀመጡ። አጠገቡ ደግሞ ባለ አንድ ቀለሞቹን። ወፎቹ የሚያንጸባርቁትን ነው ያነሰ የወሰዷቸው። ይፈሩት ይሆን ትሉ ይሆናል፤ እነሱም ጠርጥረው ሰዎችን አምጥተው «ፈልጉ» ሲሏቸው ሰዎቹም አጧቸው። ሰው ደግሞ ጥንዚዛ አይፈራም፣ አልታየውም ማለት ነው። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ደስ ያለኝ ደግሞ ቅጠሉ ራሱ የሚያብረቀርቅ ሲሆን መደበቁ መባሱ ነው። የቡና ቅጠል አስቡ! ዝናብ ካባራ በኋላ የቡና ማሳ ውስጥ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል፤ ቅጠሉ ሁሉ ቅቤ የተቀባ ነው የሚመስለው፣ በየቦታው ብልጭ ብልጭ ነው። እዚያ መሐል አንድ የሚያበራ ጥንዚዛ ማን ይለየዋል?

ይሄም አልበቃ ብሎ አውስትራሊያ ውስጥ መስታወት የመሰለና ደብዛዛ የሆነ አርቴፊሻል ጥንዚዛ ሠርተው ዱር ውስጥ ቢያስቀምጡ መስታወት መምሰሉ ከመታየትም ከመበላትም አላዳነም። እ.ኤ.አ. 2022 ነው። በቃ፣ ሦስት ቦታ ሦስት መልስ።

ተናድጄ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩ። «አንተ ነግራሽ ነበር ያልከኝ ውሸት ነው፣ ማብረቅረቅ ምንም አይልም።» ሳቀ። «ብቻውንማ ምን ይላል? የባጃጅ ጥሩምባ ብቻውን ምን ይላል? ዞር በይ ነው፣ ሰላም ነው፣ ልጫንሽ ነው? አብሮት የሚመጣውን ነው የምታዪው። እሑድ እማዬ ጋ እንሂድ፣ ዶሮዎቹ ያሳዩሻል።»

አክስቴ ከጅማ ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የምትኖረው። ግቢዋ እንደ አካባቢው ግቢ ሁሉ ነው፤ ቡና፣ ከቡናው በላይ ጥላ ዛፍ፣ ጓሮ እንሰት፣ መሐሉ ላይ እንደ ፖሊስ የሚዘዋወሩ ዶሮዎች። ቡናው ላይ አንተስቲያ የሚሏት ተባይ አለች። ጋሻ ቅርጽ ያላት፣ ጠቆር ብላ ብርቱካናማና ነጭ ጣል ጣል ያለባት፣ ፀሐይ ሲያርፍባት ጀርባዋ የሚያበራ። የቡናውን ፍሬ እየወጋች የምትመጠው እሷ ናት፣ ለገበሬው ጠላት ናት፣ ለባለሙያውም ራስ ምታት። ስትነካ ደግሞ ትገማለች። ግማቷ እጅ ላይ ከቀረ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም።

የአክስቴ ልጅ ቅርንጫፍ ነቅነቅ አደረገና ሁለት ሦስቱ መሬት ወረዱ። ትልቋ ዶሮ ሮጣ መጣች፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በአንድ ዓይኗ አየች፣ እና ትታ ሄደች። ሌላ ትልቅ ዶሮ መጣች፣ እሷም አየት አድርጋ አለፈች። ከዚያ የሦስት ሳምንት ጫጩት መጣ። ጫጩት መቼም ምንም አያውቅም። ጠቅ! አነሳት፣ ወዲያው ወረወራት፣ ራሱን ነቅነቅ አደረገ፣ ምንቃሩን መሬት ላይ በግራ በቀኝ ጠረገ፣ ጠረገ፣ እንደገና ጠረገ።

አክስቴ ቡና እየቆላች «ተዪው አትያዢው፣ ይልመድ» አለችኝ። ተባይዋ ደግሞ የተወረወረችበት ተገለበጠች፣ ተስተካከለች፣ ቀስ ብላ መንገዷን ቀጠለች። አልሮጠችም። እዚያ ጋ ነው ነገሩ የገባኝ።

ጫጩቱ የሚማረው «ብርቱካናማ መራራ ነው» ብቻ አይደለም። ጠረን አለ፣ ጣዕም አለ፣ ያ ቅርጽ አለ፣ ያ አካሄድ አለ፣ እላዩ ላይ ደግሞ ያ ብልጭታ አለ። ማብረቅረቁ ብቻውን ቃል አይደለም፤ ቃሉን ጮክ የሚያደርግ ነው። ወፍ ደግሞ ከእኛ የተሻለ ዓይን አላት፤ እኛ ሦስት ዓይነት የቀለም ተቀባይ ሲኖረን የብዙዎቹ ወፎች አራት ነው፣ እኛ የማናየውን አልትራቫዮሌት የሚባል ብርሃን ያያሉ። ለእኔ ብልጭ ያለው ለዶሮዋ ምን ሊመስል እንደሚችል ማን ያውቃል። እና የሚያበራው ነገር በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይበራል ይጠፋል፤ ዝም ያለ ቀይ ነጥብና ብልጭ ድርግም የሚል ቀይ ነጥብ እኩል አይታወሱም። የአምቡላንስ መብራት የሚሽከረከረው ለምን ይመስላችኋል?

ይሄ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ አሜሪካ ውስጥ ባተስ ፊሌኖር የምትባል ቢራቢሮ አለች። አባጨጓሬ እያለች የምትበላው ተክል መርዛም ነው፣ መርዙን አድጋም ይዛው ትዞራለች። የኋላ ክንፏ ከላይ የሚያበራ ሰማያዊ፣ ከሥር ደግሞ ሰማያዊው ላይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ አለበት። ሲጠና ወፎች ማስጠንቀቂያውን የሚለዩት በብርቱካናማው ብቻ ሳይሆን በሚያበራው ሰማያዊም ጭምር ሆኖ ተገኘ። እንደ እኔይቱ ማለት ነው፣ ብርቱካናማና ሰማያዊ ብረት።

ማስጠንቀቂያው ሁልጊዜ «መርዝ ነኝ» እንዳልሆነ ያወቅኩት ደግሞ ከታይዋን ነው። ኦርኪድ ደሴት የምትባል ቦታ ላይ የሚያበራ ሰማያዊና አረንጓዴ ነጠብጣብ ያለባቸው፣ ፓኪሪንከስ የሚባሉ ነቀዝ መሰል ጥንዚዛዎች አሉ። ጠላታቸው እንሽላሊት ነው። ተመራማሪዎቹ ነጠብጣቡን ሸፍነው ጥቁር ሲያደርጓቸው እንሽላሊቶቹ አጠቋቸው፤ ነጠብጣቡ እያለ ግን ብዙም አልነኳቸውም። መርዛቸው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ጥንካሬያቸው ነው። ቅርፊታቸው ድንጋይ ነው፣ እንሽላሊቱ አኝኮ አኝኮ ሲያቅተው ይተፋዋል። የሚያበራው ጀርባ የሚለው «ትሞታለህ» ሳይሆን «መንጋጋህን አታድክም» ነው። ለእኔ ይሄኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ትሕትና ያለው ማስጠንቀቂያ ነው።

ታማኝ ምልክት ባለበት ደግሞ አስመሳይ አይጠፋም። ባህሪውን እ.ኤ.አ. በ1862 የጻፈው ቤትስ የሚባል የእንግሊዝ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ የሚጣፍጠው የማይጣፍጠውን ልብስ ለብሶ ይዞራል። የምወደው ምሳሌ የፊሊፒንስ በረሮ ነው። ፕሮሶፕሌክታ ይባላል። እንደ ነጠብጣቧ ጥንዚዛ ክብ፣ ቀይና ጥቁር፣ እና ልክ እንደ እሷ የሚያበራ። እዚያ ክብ ቅርጽ ውስጥ ለመግባት ብሎ ረጅም የኋላ ክንፉን ጠቅልሎ ያስገባል። በረሮ! ቅርጹን ብቻ ቀድቶ ማብረቅረቁን ቢተው ይበቃው ነበር ብዬ አስቤ ነበር፤ አልተወውም፣ ያም የልብሱ አካል ነው።

ስለዚያች ነጠብጣብ ስላላት ጥንዚዛ ካነሳሁ አይቀር፣ አክስቴ ጋ ጎመን ላይ አንዷን አግኝቼ ጣቴ ላይ አወጣኋት። በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ስይዛት ከጉልበቷ መጋጠሚያ ቢጫ ጠብታ ወጣ። ደሟ ነው፤ ስትፈራ ሆን ብላ ታፈሳለች፣ ውስጡ አልካሎይድ የሚባል መራራ ነገር አለ። አሸተትኩት፣ ይሰነፍጣል። ልቅመስ ብዬ ሳስብ የአክስቴ ልጅ «አንገትሽ አልበቃሽም?» አለኝ። ተውኩት። ጀርባዋን ግን ደህና አድርጌ አየሁት። ፀሐይዋ በጀርባዋ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆና ቁጭ ብላለች፣ ጣቴን ባዞርኩ ቁጥር ነጥቧ ትንሸራተታለች። ነጥቧ ያለችበት ቦታ ቀዩ አይታይም፣ ብርሃኑ ይውጠዋል። እና ማብረቅረቅ ዋጋም ያስከፍላል ማለት ነው፤ በጣም ካበራህ የጻፍከው ጽሑፍ አይነበብም። ፀሐይ ላይ ስልኩን የሚያነብ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ለዚህ ይሆናል ብዙ መርዛም ቢራቢሮዎች የማያበሩት፤ ሰፊና ደብዛዛ፣ ከሩቅ የሚነበብ ልብስ ነው የመረጡት። ጥንዚዛ ጠንካራ ጀርባ ይዛ ስለተፈጠረች ማብራቱ በእጇ የነበረ ነው፣ ያላትን ተጠቀመችበት።

ወደ አንገቴ ልመለስ። ኪኒኑን በሦስተኛው ቀን አቆምኩት (እናንተ እንዲህ አታድርጉ፣ ሐኪም ጠይቁ)። ፋርማሲ ያለች አንዲት ልጅ ደህና አድርጋ ሰማችኝና በሳሙናና በውሃ እንዳጥበው፣ እንዳልፈቀፍቀው፣ በእጄ ነክቼ ዓይኔን እንዳላሽ ነገረችኝ፣ ቅባት ሰጠችኝ። መርዙ እጅ ላይ ቀርቶ ዓይን ከገባ ሌላ ጣጣ ነው። ሁለት ሳምንት ፈጀ። አሁን ጠቆር ያለ መስመር ብቻ ነው የቀረው፣ ሻርፕ ካላደረግኩ ይታያል። እማማ አሁንም አልማዝ ባለጭራ ነው ነው የሚሉት። ዞሮ ስላልገጠመ አላህን አመስግነዋል። ጥንዚዛዋን ባሳየኋቸው ጊዜ ግን መነጽራቸውን አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩዋትና «ይቺ ናት አልማዝ? ጭራዋስ?» አሉኝ። እውነትም ጫፏ ሾጠጥ ያለ ነው፣ ታበራለች፣ ምን ልበላቸው።

ባለፈው ረቡዕ ማታ እንደገና መጣች። እሷው ባትሆን እንኳ እህቷ ናት። ዝናብ ነበር፣ መብራት ነበር፣ መስኮቱን በመጋረጃ ሸፍኜዋለሁ፣ ከየት እንደገባች አላውቅም። ጠረጴዛው ላይ፣ ከላፕቶፑ ሥር ወጣች፣ ብርሃኑ ውስጥ ገባች፣ ሰማያዊዋ ብልጭ አለ። ቆመች። እኔም ቆምኩ። እጄ ሊነሳ ሲል ያዝኩት። ወረቀት ፊቷ አደረግኩላት፣ ቀስ ብላ ወጣችበት፣ ምንም አልቸኮለችም። መስኮቱን ከፍቼ ወረቀቱን ወደ ውጭ አወጣሁና እፍ አልኳት።

አልሄደችም። ወረቀቱን ይዛ ቀረች። ሁለተኛ እፍ አልኩ። ሦስተኛው ላይ ለቀቀች፣ ዝናቡ ውስጥ።